እድሳት ከጣራ ይጀምራል፦ የምዕራብ ጎጃም ቤቶች ገጽታ ከሣር ክዳን እስከ ኮሪደር

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን የሚያልፍ መንገደኛ ሦስት ዘመን ጎን ለጎን ቆሞ ያያል። ከመንገዱ ራቅ ብሎ በባሕር ዛፍ የተከበበ የገበሬ ቤት አለ፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ አልፎ አልፎም ሣር ነው። ከመንገዱ ዳር በረንዳ ያላቸው፣ በራቸው ሁለት ተከፋች፣ መስኮታቸው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የተቀባ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል። በእነሱ መካከል ደግሞ መስተዋትና አልሙኒየም የለበሱ ፎቆች ብቅ ብቅ ብለዋል።

ይህ ዳሰሳ በተለይ የመንገድ ዳሮቹን ነባር ቤቶች ይመለከታል። አርጅተዋል፤ ግን ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፣ ይነገድባቸዋል፣ ልጅ ይዳርባቸዋል። ባለቤቶቻቸው መልካቸውን ማሳመር ይፈልጋሉ፤ ማዘጋጃ ቤቶችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። መታደስ እንዳለባቸው ሁሉም ይስማማል፤ ልዩነት የሚመጣው እድሳቱ ከየት ይጀምር ሲባል ነው። የአካባቢው የቤት አሠራር ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። የጎጃም ጭቃ ቤት ፊቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጣራውና እግሩ ስለሚረሱ ነው፤ ከእነሱ ያልጀመረ ውበትም ክረምት አይሻገርም።

በየዓመቱ የሚታደስ ቤት

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ነባር ቤት ክብ ጎጆ ነው። የግድግዳው ቋሚ ወይራ፣ ጽድ ወይም ሌላ የአገር እንጨት ሆኖ በማገር ተይዞ በልጥና በሐረግ ይታሰራል። መሐል ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ ወራጆቹም ከምሰሶው ጫፍ ተነሥተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ዙሪያው ይወርዳሉ። በላዩ ሣር ይከደናል፤ ክዳኑ በሚገናኝበት ጫፍ ውሃ እንዳይገባ ጉልላት ይደፋበታል። ሥራው የአንድ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም። ጎረቤትና ዘመድ በደቦ ይጠራል፤ አንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አንዱ ማገር ያስራል፣ ሌላው ሣር ያቀብላል። የቤቱ ጌታም ጠላና እንጀራ ያቀርባል።

ምርጊቱ የራሱ ሙያ አለው። አፈሩ ተቆፍሮ ውሃ ይጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ይገባበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ለቀናት ይቦካል። ጭዱ ጭቃውን አስተሳስሮ ስለሚይዝ ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ከደረቀ በኋላ ስንጥቁን የሚሞላ ሁለተኛ ምርጊት ይከተላል። የመጨረሻው ልቅለቃ ነው፤ እበት፣ አመድና ደቃቅ አፈር ተደባልቆ በእጅ ይቀባል። ቀይ ወይም ነጣ ያለ አፈር እንደየአካባቢው ይመረጣል።

ልቅለቃ በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። ክረምት ሲወጣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ከዚያም ለፋሲካ፣ ሠርግም ሲደርስ ግድግዳው እንደገና ይለቀለቃል። ዝናቡ ያጠበውን፣ ከብት የታከከውን፣ ሕፃን የቧጨረውን እጅ ይመልሰዋል። በገንዘብ ቢተመን ወጪው ትንሽ ነበር፤ በጉልበት ግን ብዙ ነው፤ ያን ጉልበት የከፈሉት እናቶች ስማቸው የትም አልተጻፈም። ስለዚህ የቤትን ፊት ማደስ ለጎጃም ሰው ከሌላ አገር የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ ዘመን በተለወጠ ቁጥር የሚደገም የቤት ሥራ ነበር።

ይህ ጥበብ በሌላውም የአፍሪካ ምድር አለ። ማሊ ውስጥ በጄኔ ከተማ የሚገኘውን ታላቁን የጭቃ መስጊድ ሕዝቡ በየዓመቱ ወጥቶ በአዲስ ጭቃ ይለስነዋል። ከነባር የጭቃ ቤቶቿ ጋር ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የጄኔ ግድግዳዎች እስከ ዛሬ የቆሙት ጭቃው የማይበገር ስለሆነ አይደለም፤ ሰው በየዓመቱ ስለሚመለስባቸው ነው።

የጎጆውን ግድግዳ የሚጠብቁ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ነበሩ። አንደኛው የክዳኑ ከንፈር ነው። ሣሩ ከግድግዳው ርቆ ስለሚወርድ ጠፈጠፉ የሚያርፈው ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ ነው፤ የምዕራብ ጎጃም ክረምት ደግሞ ብርቱ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ እምብዛም አያባራም። ሁለተኛው ጢስ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ለዓይንና ለሳንባ ጎጂ ቢሆንም እንጨቱንና ሣሩን በጥላሸት እየሸፈነ ከነቀዝና ከምስጥ ይከላከል ነበር። ሁለቱም ጠባቂዎች በኋላ ዘመን ሲነሡ ምን እንደተከተለ ወደፊት እናያለን።

ኖራ የቀረበት ደጅ

ጎጃም ከጭቃ ሌላ ልስን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የኖራ ቡክት ለድንጋይ ግንብ ሥራ መዋል ጀመረ። በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም ግቢ የሚታየው ፍርስራሽና ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ የዚያ መቶ ዓመት ሥራዎች ናቸው። ከዓባይ ማዶ የጎንደር ግንቦች በዚሁ ጥበብ ተሠሩ።

ይሁንና ኖራ ከነገሥታትና ከአብያተ ክርስቲያናት ደጅ ወርዶ ወደ ገበሬው ቤት አልደረሰም። ድንጋዩን ለማቃጠል ብዙ ማገዶ፣ ለማጥፋትና ለማብካት የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ባላባቱ እንኳ ከጎረቤቱ የሚለየው በግድግዳው ቀለም ሳይሆን በግቢው ስፋትና በቤቱ ብዛት ነበር። እልፍኙ፣ አዳራሹ፣ ማድ ቤቱ፣ ጎተራው ሁሉ ጭቃና ሣር ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የጀመሩት ከፍኖተ ሰላም ብዙ ከማትርቀው ከማንኩሳ ነው፤ የዚያ ልብ ወለድ ሰዎች የሚኖሩበት ጎጃም ይኸው የጭቃና የሣር ጎጃም ነበር።

ቆርቆሮ የቤቱን ቅርጽ ለወጠው

ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ በኢትዮጵያ መስፋፋት የጀመሩት በአንድ ዘመን ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ። ሁለቱ ሲገናኙ የገጠሩን ቤት ከሥር ለወጡት። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል። ቆርቆሮ ደግሞ አራት ማዕዘን ስለሆነ በክብ ጣራ ላይ ሲመታ ብዙው ተቆርጦ ይባክናል። በዚህ የተነሣ ክቡ ጎጆ ቀስ በቀስ ለባለ አራት ማዕዘን ቤት ቦታውን ለቀቀ። አዲሱን ቅርጽ ያመጣው ከማማር ይልቅ ቆርቆሮን ላለማባከን የተደረገ ስሌት ነበር።

በብዙ የገጠር አጥቢያ ቆርቆሮ አስቀድሞ ያረፈው በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ነው፤ ከዚያ በነጋዴና በባላባት ቤት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በገበሬው ቤት ላይ። የቡሬና የወንበርማ በርበሬ፣ የጃቢ ጠህናን በቆሎ፣ በየማሳው ዳር የተተከለው ባሕር ዛፍ ሲሸጥ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ሆኖ ይመለሳል። ቆርቆሮ ቤት በአካባቢው የደኅና ኑሮ ምልክት ነው። ይህም በቂ ምክንያት አለው። የክዳን ሣር የሚታጨድበት መስክ ታርሷል፤ ሣር በእሳት አደጋ ላይ ይጥላል፤ በየጊዜው መጠገን ይፈልጋል፤ ሲያረጅ ያፈሳል። ሣር ቤት ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ሰው ገበሬውን ለምን ቆርቆሮ መረጥህ ብሎ ሊወቅሰው አይገባም።

ነገር ግን ቆርቆሮው ሲመጣ አብሮ የሄደ ነገር አለ። ቆርቆሮ በገንዘብ ስለሚገዛ ከንፈሩ አጠረ፤ ጠፈጠፉም ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ከጣራው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ጭቃ እየረጨ የግድግዳውን እግር ያርሰው ጀመር። ምድጃው ወደ ማድ ቤት ሲወጣ ጤና ተገኘ፤ እንጨቱ ግን የጢስ ጠባቂውን አጣ። ከወይራና ከጽድ ይልቅ ባሕር ዛፍ ቋሚ ሲሆን ደግሞ ምስጥ ቶሎ ይገባዋል። በዘመናችን «ጭቃ ቤት አይረባም» የሚባለው ወቀሳ ከዚህ ይጀምራል፤ ጥፋቱ የጭቃው ብቻ ተደርጎ ተወሰደ።

ወደ መንገድ የዞረ ቤት

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ጎጃምን ሲይዝ ቡሬን፣ ደምበጫንና ደብረ ማርቆስን ምሽግ አደረጋቸው፤ ጦሩን የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖችም በመካከላቸው ተመላለሱ። የጎጃም አርበኞች ግን መንገዱ ሰላም እንዲያገኝ አልፈቀዱለትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ፤ በበላያ በኩል አድርገው ወደ ጎጃም መሐል ገቡ። የካቲት ወር ሲያልቅ በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና አርበኞቹ ባሳደሩት ጫና ጣሊያኖች ቡሬን ለቀቁ፣ ደምበጫ አጠገብም ጦርነት ሆነ። በመጋቢት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው መንደር ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚሁ ጉዞ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ይነገራል።

ከነጻነት በኋላ መንገዱ ንግድን ጠራ። ቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ከሚወስደው መስመር ጋር የምትገናኝ ስለሆነች ከቀድሞም የገበያ አገር ነበረች፤ ፍኖተ ሰላም ደግሞ በአስተዳደር ከተማነት አደገች። በዚህ ዘመን ነው የቤቱ ፊት አዲስ ትርጉም ያገኘው። የገበሬው ጎጆ በር የሚዞረው ወደ ግቢው ነበር። የነጋዴው ቤት ግን በሩን ወደ መኪናው መንገድ አዞረ። ሲከፈት ሱቁን በሙሉ የሚያሳይ ባለ ሁለት ተከፋች በር፣ ደንበኛ ከዝናብ የሚጠለልበት በረንዳ፣ በቀለም የደመቀ የጣውላ መስኮት መጡ። ግድግዳው ከላይ ነጣ ባለ ቀለም፣ ከታች ደግሞ እስከ ጉልበት ወይም ወገብ ድረስ በጠቆረ ቀለም ይቀባል፤ ከታች የጠቆረው የዝናብ ርጭት እንዳያስታውቅ ነው።

እነዚህ ቤቶች የታላላቅ አርክቴክቶች ሥራ አይደሉም። የአገሬው አናጢና መራጊ እጅ ናቸው። ነገር ግን ጥሩ የተሠራ በረንዳ ግድግዳውን ከዝናብ፣ መንገደኛውን ከፀሐይ ይጠብቃል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኛል። ጎጆው ከሰፊው ክዳኑ ያገኝ የነበረውን ጥበቃ የመንገድ ዳሩ ቤት መልሶ ያገኘው በበረንዳው ነው። ለዚህ ነው በረንዳን አፍርሶ ፊትን ማሳመር ትልቅ ስሕተት የሚሆነው።

ባለቤት ያጣ ግድግዳ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በገጠር ለጭሰኛው ትልቅ ለውጥ ነበር። በከተማ ደግሞ የአዋጅ ቁጥር 47/1967 አንዱ ውጤት በየመንገዱ ዳር ይታያል። ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጠው ትርፍ ቤት በቀበሌ እጅ ገባ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለድኻ ተከራይ እፎይታ ሆነ፤ ግን ከዚያች ትንሽ ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ፣ ቀበሌው በጀት የለም ብሎ ዝም ሲል ግድግዳው ለዓመታት ሳይመረግ ቆየ። የከተሞቻችን ብዙ ነባር ቤቶች ያረጁት በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ተቆርቋሪ በማጣትም ነው።

በገጠር በ1978 ዓ.ምና በተከታዮቹ ዓመታት የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ጎጃምን ነካ። ገበሬው ቤቱን ነቅሎ በመስመር በተዘረጋ መንደር እንዲተክል ታዘዘ። ከውጭ ሲታይ ሥርዓት ያለው፣ ረድፉ የተስተካከለ ሰፈር ነበር፤ ከማሳው፣ ከውሃውና ከከብቱ የራቀ ኑሮ ግን ለገበሬው አልተመቸውም። በ1982 ዓ.ም የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲላላ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዛሬም ያስፈልገናል። ነዋሪውን ሳያማክሩ በመመሪያ የተሰጠ መልክ መመሪያው በላላ ማግስት ይፈርሳል።

ሲሚንቶ በጭቃ ላይ

ከ1983 ዓ.ም በኋላ ንግድ ተነቃቃ፣ ከተሞች ሰፉ፣ ብሎኬት፣ ሴራሚክ፣ ባለ ቀለም ቆርቆሮና ኳርትዝ ቀለም ገበያውን ሞሉት። አዲስ ፎቅ መሥራት ያልቻለ ሰው ነባሩን ቤቱን አዲስ ለማስመሰል ቀላሉን መንገድ ያዘ፤ በጭቃው ግድግዳ ላይ የዶሮ ሽቦ መትቶ በሲሚንቶ ያስለስናል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ለአንድ ዓመት ቤቱ ግንብ ይመስላል።

ችግሩ የሚጀምረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ነው። ጭቃ ውሃ ይስባል፣ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨመተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ ከጭቃው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከመሬት በእግሩ የሚወጣውም እርጥበት እንዲሁ ይታፈናል። ከውስጥ ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይሰፍርበታል። ከውጭ ግን ምንም አይታይም። የሚታየው ልስኑ ሆድ ሲያወጣና በአንድ ወገን ሲረግፍ ነው፤ ያኔ ግድግዳው መያዣ አጥቷል። ይህ ስሕተት የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ዴቨን አውራጃ ከጭቃና ከገለባ የተሠሩ ብዙ የቆዩ ቤቶች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሲሚንቶ ከተለሰኑ በኋላ በታፈነ እርጥበት ተጎድተዋል፤ የጥገና ባለሙያዎችም ወደ ኖራና ወደ ጭቃ ልስን ተመልሰዋል።

ሲሚንቶ መጥፎ ነገር ነው እያልን አይደለም። በድንጋይ መሠረት ላይ፣ በብሎኬት ላይ ቦታው ነው። ጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ባለቤቱ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የሚረግፍ ጭምብል ነው።

የኮሪደር ዘመን

አሁን የቤት ፊት የመንግሥት ጉዳይም ሆኗል። በ2013 ዓ.ም የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቁ የከተማዋ ቦታ ተፈላጊነት ጨመረ። በ2016 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ዘለቀ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የገጠር ኮሪደር የሚል ሥራ በየክልሉ ተጀመረ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መብራትና ጽዳት የማይፈልግ ነዋሪ የለም። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የብዙ ዘመን ታሪክ የነበራቸው ቤቶች ሲፈርሱ ግን ያዘኑ ጥቂት አይደሉም፤ ለትንንሾቹ ከተሞች ይህ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከሌላው የሚለያቸው መልክ በእነዚህ ባለ በረንዳ ቤቶች ላይ ነው ያለው። እነሱ ከጠፉ የሚቀረው የትም ከተማ ያለ የመስተዋት ፊት ነው።

ባለቤቱን የሚያስጨንቀው ሌላም አለ። ነባር ይዞታ በሊዝ አዋጅና በመልሶ ማልማት ዕቅድ መካከል ሲቀመጥ ሰው ነገ ይፈርስ ይሆናል ለሚለው ቤት ገንዘብ አያወጣም። ስለዚህ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ለደንቡ ብቻ ቀለም ይቀባል።

ምን ይደረግ?

ለቤት ባለቤቶች ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ጣራ። የዛገውን ቆርቆሮ መቀየር፣ ከንፈሩን ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ማራቅ፣ ከተቻለ አሸንዳ ማሰር። ሁለተኛ እግር። በግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር መጥረግ፣ ውሃ የሚወስድ ቦይ ማውጣት፣ የበሰበሰውን ቋሚ አንድ በአንድ መቀየር፣ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ ማድረግ። ከዚህ በኋላ የግድግዳው ቆዳ ይመጣል። የረገፈውን ማንሣት፣ በቦካ የጤፍ ጭድ ጭቃ መምረግ፣ ደርቆ ሲያበቃ ኖራ መቀባት። ኖራ እርጥበትን ስለማያፍን ለጭቃ ተስማሚ ነው፤ ከአፈር ቀለም ጋር ተደባልቆም የአገሩን መልክ ይሰጣል። የቆየውን የዝግባ ወይም የጽድ በር በብረት ከመለወጥ በፊት አናጢ ጠርቶ መጠገን ይሻላል፤ እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ማዘጋጃ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በሕንፃ አዋጅ መሠረት ነባር ሕንፃን ማሻሻልም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ በጭቃ ላይ ሲሚንቶ የሚያስለስነውን ሰው አደጋውን ይንገረው። ቤቱ በዕቅድ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም የሚለውን ለባለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ከዚያ ወዲያ እድሳቱን ራሱ ይፈልገዋል። ከቀበሌ ቤቶች ኪራይ የተወሰነውን እጅ ለጥገና ብቻ ይመድቡ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ምርጊትንና ኖራን ከብሎኬት ሥራ ጋር ያስተምሩ፤ ሙያውን ከእናቶች ይማሩ። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ልከው ቤቶቹን ይለኩ፣ ፎቶ ያንሡ፣ ይመዝግቡ። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ የሚጎድለው የሚጠበቁት ቤቶች ዝርዝር ነው።

ያረጀ ቤት ማደስ የድህነት ምልክት አይደለም፣ ከዘመን መቅረትም አይደለም። አያቶቻችን በየመስከረሙ ያደርጉት የነበረውን በተሻለ ዕውቀት መቀጠል ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ቤት ካለህ ወይም ወላጆችህ በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ ከሆነ፣ የቀለም ባልዲ ከመግዛትህ በፊት ክረምት ሳይገባ ጣራውንና የግድግዳውን እግር አይተህ አስጠግን።